«አሸነፍን» ማለት ለማን ይገባል?

የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን በጉያው ሸሽጎ ይዞራል። «አሸነፈ» ሲባል እሱ አለ፤ «አሸነፍኩ» ሲባል እኔ አለሁ፤ «አሸነፍን» ሲባል እኛ አለን። «እኛ» ብሎ ለብቻው መናገር እንኳ አያስፈልግም። አንዲት «ን» ከግሡ ጭራ ላይ ትለጠፋለች፣ ነገሩ ያልቃል። ትንሽ ስለሆነች ማንም አይጠይቃትም፤ ኬላ ላይ ሳትፈተሽ እንደምታልፍ መንገደኛ ናት። እኔ ዛሬ ላስቆማትና ወረቀቷን ላይ አስቤአለሁ። ይህችን «ን» መለጠፍ የሚገባው ለማን ነው? ሰዋስው ለሁሉም ፈቅዷል፤ ስለዚህ ጥያቄው የሰዋስው አይደለም። የግብረ ገብ ጥያቄ ነው፤ የሌላውን ሰው ላብ በአፍ የመካፈል ጥያቄ።

ፌዝ የመሰለው ካለ ቅዳሜ ማታ ሮቤ ይምጣ። ሮቤ ስል የአርሲዋን ነው፤ የባሌዋ ስሟ ስለ ገነነ ይህን ሁልጊዜ ማስረዳት ግድ ይሆንብናል። ስንዴና ገብስ በከበቡት በዚያ ደጋ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ሁሉ ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚው ላይ ይደረደርና ጎል ሲቆጠር ጋቢውን ጥሎ ይነሣል። «አገባን!» ይላል። አግቢው ያለው ለንደን ነው። አርሴናል እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2004 በነበረው የውድድር ዘመን በእንግሊዝ ሊግ 38 ጨዋታ አድርጎ 26ቱን አሸነፈ፣ 12ቱን አቻ ወጣ፣ አንዱንም አልተሸነፈም። ያኔ ገና ያልተወለደ ተማሪ «ያን ዓመት እኮ አንድም ጨዋታ አልተሸነፍንም!» ብሎ ሲከራከር ሰምቼዋለሁ። አልሳቅሁበትም። እንዲያውም ልጁ የተናገረው ነገር አላስተኛኝም።

ነገሩ የሚከብደው ግን በእንግሊዝ ቡድን ሳይሆን በራሳችን ሰዎች ነው። አርሲ የሯጭ አገር ነው። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂ ወጡ፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ ከአሰላ አካባቢ። እዚህ ያደገ ሰው ገና በልጅነቱ የሚለምደው አነጋገር አለ። አድምጡት፦ «ኃይሌ ሮጠ፤ አሸነፍን።» እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ኃይሌ 27:18.20 ገባ፤ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት 27:18.29። ከሃያ አምስት ዙር በኋላ ልዩነቱ ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ነው፤ ዓይን እንኳ ለመርገብ ከዚያ በላይ ጊዜ ይፈልጋል። በዚያ ቀን «አሸነፍን» ያላለ የለም። «ሮጥን» ያለ ግን አልነበረም። «ላበን» ያለ፣ «ሳምባችን ተቃጠለ» ያለ የለም። የድካሙ ግሥ ለሯጩ ብቻ ይቀራል፤ የውጤቱን ግሥ ግን ሁላችንም እንቀርበዋለን፣ እንደ ድግስ።

አንዱ ያመርታል፣ ሌላው ይወስዳል፤ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ድሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ጠንከር ያለ ስም ነበረው። እኔ ግን ያን ስም ለመለጠፍ አልቸኩልም። እንጀራ ሲካፈሉት ያንሳል፤ የሲድኒው ወርቅ ግን እኔ ሮቤ ላይ ተቀምጬ «አሸነፍን» በማለቴ አንድ ግራም አልቀነሰም። ታዲያ ያልተሰረቀ ነገር ላይ ሌባ ማን ነው? ጥያቄው እዚህ ላይ ይወሳሰባል። ለማፍታታት ከሜዳ ወጥቼ ጭራሽ ወደማይመስል ሥራ ልሂድ።

በትምህርት ቤት ሦስት ክፍል ይቀድመኝ የነበረ አንድ የሮቤ ልጅ አለ። ዛሬ አዲስ አበባ ተቀምጦ የኮምፒውተር ፕሮግራም እየጻፈ ይኖራል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮድ፣ ቅዳሜና እሑድ አርሴናል ነው። ለበዓል ሲመጣ «ቀኑን ሙሉ ሲያስብ ለዋለ ጭንቅላት ኳስ ምን ይሠራለታል?» ብዬ ጠየቅሁት። መዝናኛ ነው ምናምን ይለኛል ብዬ ነበር።

«ኳስ ላይ ፊሽካ አለ» አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ፕሮግራም አያልቅም። ዛሬ ሠርቶ ያደረ ነገ ይሰበራል፤ ተጠቃሚው ይበዛል፣ የስልኩ ዓይነት ይለወጣል፣ መመሪያ ይለወጣል፣ ሌላ ሰው የጻፈው ክፍል ይሻሻልና የአንተን ይዞ ይወድቃል። «ጨረስኩ» የሚባል ቀን የለም። ኳስ ግን በ90 ደቂቃና በጥቂት ጭማሪ ያልቃል፤ መሸነፍህን ወይ ማሸነፍህን አውቀህ ቤትህ ትገባለህ፤ ሰንጠረዥ ላይ ይሰፍራል፤ ማንም አይከራከርህም። ሁለተኛው ምክንያቱ ደግሞ አሳዘነኝ። «የእኔ ሥራ ሲሳካ አይታይም» አለ። «ሰው ስልኩን ነክቶ ገንዘብ ይልካል፣ ይደርሳል። ማን ያጨበጭባል? የምታወሰው ሲበላሽ ብቻ ነው። በረኛ ማለት ነኝ፤ ያውም ማንም ስሙን የማያውቀው በረኛ።» ስለዚህ ስም እየተጠራ፣ ሕዝብ እየጮኸ የሚሠራ ሥራ ለማየት ይሄዳል። ሥራ ሲሠራ ሲታይ ማየት ይናፍቀዋል።

ቀጥሎ ያሳየኝ ነገር ለክርክሬ ዋናው ሆነ። ኮድ ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያኖሩበት ጊት የሚባል መዝገብ አላቸው፤ ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ነው። በዚህ መዝገብ ውስጥ እያንዳንዷን መስመር መጨረሻ የነካት ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደነካት ተጽፎ ይኖራል። ይህን ለማየት የሚሰጠው ትእዛዝ ስሙ «ብሌም» ነው፤ ወቀሳ ማለት። እኔ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። ከጊት በፊት ብዙዎች ይሠሩበት በነበረው ሰብቨርዥን በሚባለው መዝገብ ያንኑ ትእዛዝ «ፕሬይዝ» ብሎ መጻፍም ይቻላል፤ ምስጋና ማለት። «ወቀሳ» ብለህ ጻፍክ «ምስጋና» ብለህ ጻፍክ መልሱ ያው ነው፤ የሚወጣውም ያው አንድ ስም ነው። እነዚያ ሰዎች ለቀልድ አድርገውት ይሆናል። ለእኔ ግን ብዙ የፍልስፍና ገጽ የማይነግረኝን ነገረኝ፦ የሚመሰገነውን የምታገኝበት መንገድና የሚወቀሰውን የምታገኝበት መንገድ አንድ ነው። አንዱን በር ከፍቶ ሌላውን መዝጋት አይቻልም።

«እንግዲህ ቀን ቀን እያንዳንዷ መስመር ባለቤት ባላት ዓለም ትውልና፣ ማታ አንዲት መስመር ሳትጽፍ አሸነፍን ትላለህ» አልኩት። ኮርነር ያስገባሁት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ቀን ላይም ንጹሕ እንዳልሆነ ነገረኝ። እሱ መቶ መስመር ሲጽፍ ከሥሩ የማያውቃቸው ሰዎች የጻፉት እልፍ መስመር አለ። ያው ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ በሺህ በሚቆጠሩ እጆች እየተሠራ ዛሬ የባንኩንም የስልኩንም ማሽን ያንቀሳቅሳል፤ ከእነሱም ያለ ክፍያ የጻፉለት አሉ። «በዚያ ላይ ቆሜ ነው ‹ሠራሁት› የምለው። ስለዚህ የእኔ ‹ሁ› ከአንተ ‹ን› በምን ትሻላለች?»

እውነቱን ነው። «የሮጠ ብቻ ይናገር» የሚለው ጥብቅ ሕግ ሲነኩት ይፈርሳል። በቆጂ ላይ እነ ደራርቱን፣ እነ ቀነኒሳን፣ እነ ጥሩነሽን ከልጅነታቸው ያሠለጠኑት አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ «አሸነፍን» ቢሉ ማን ይከለክላቸዋል? እናትስ? ገብሱን የዘራውስ? መስመሩን የት ላይ እናሰምር?

ደቦ ላይ ያየሁት ነገር ትንሽ ያግዛል። በእኛ አገር ጂጊ ይሉታል። ሜዳው ላይ ኮምባይነር ገብቶ በአንድ ጧት ያጭደዋል፤ ተዳፋቱ ግን የማጭድ ነው። በደቦ ውስጥ ከሚያጭዱት ጋራ አንድ ዘፈን አውጪ ይኖራል። አንዳንዱ እሱም ያጭዳል፤ አንዳንዱ ሽማግሌ ነውና ዳር ቆሞ ያዜማል፣ ይሸልላል እንጂ ማጭድ አይነካም። ማታ ግን «አጨድን» ሲል ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ለምን? እሱ ሲያዜም ማጭዱ ይፈጥናል፣ ዝም ሲል ይዝላል። ድምፁ ሥራው ላይ ደርሷል። ስለዚህ አንድ መለኪያ አገኘሁ ብዬ ተደሰትኩ፦ ድምፅህ ከደረሰ «ን» ይገባሃል። ስታዲዮም ውስጥ የሚጮኸው ይገባዋል፤ ሮቤ ዲኤስቲቪ ቤት የሚጮኸው አይገባውም። ተጫዋቹ አይሰማውማ!

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 7 ቀን 2020 ቫሌንሲያ፣ ስፔን ላይ የሆነውን ተመልከቱ። በመሮጫው መም ጠርዝ ዙሪያውን ትናንሽ መብራቶች ተተክለው ነበር። መብራቶቹ በፕሮግራም ይታዘዛሉ፤ ለክብረ ወሰን የሚያስፈልገው ፍጥነት ይሰላና ብርሃኑ በዚያ ፍጥነት መሙን እየዞረ ይሄዳል፤ ሯጩ ይከተለዋል። በዚያች ማታ የኡጋንዳው ጆሹዋ ቼፕቴጌ 10,000 ሜትሩን በ26:11.00 ጨረሰ። ቀነኒሳ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራስልስ ላይ ያስመዘገበው 26:17.53 ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ወደቀ። በዚያችው ማታ በዚያው መም ላይ ለተሰንበት ግደይ 5,000 ሜትሩን በ14:06.62 ሮጠች፤ የወደቀው ጥሩነሽ እ.ኤ.አ. በ2008 ኦስሎ ላይ ያስመዘገበችው 14:11.15 ነው። ሁለት የበቆጂ ክብረ ወሰኖች በአንድ ምሽት።

እንግዲህ በመለኪያዬ መሠረት መብራቱን የሚያዘውን ፕሮግራም የጻፈው ሰው ዘፈን አውጪው ነው። ድምፁ ደርሷል፤ ያውም እያንዳንዷ እርምጃ ላይ ደርሷል። «ሰበርን» ማለት ይገባዋል። ግን አላለም፤ ስሙንም አናውቅም፤ ምናልባት ያን ሰዓት ሥራው ሳይሰበር ማለቁን ብቻ ሲጠብቅ ነበር። እኛ ግን፣ አንዲት አምፖል ያልሰቀልነው፣ ለለተሰንበት «ሰበርን» አልን፤ ለቀነኒሳ ደግሞ «ተሰበረብን» አልን። ሁለት «ን» በአንድ ምሽት፣ አንዷ ደስታ አንዷ ሐዘን፣ ሁለቱም ሳይደርሱ።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ላልፈው የማልችለው ነገር አለ። ለተሰንበት የትግራይ ልጅ ናት። ከዚያ ምሽት በኋላ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። ለእርሷ የለጠፍናት «ን» በዚያ ወር መጨረሻ የት ነበረች? ማንንም ለመክሰስ አይደለም የምጠይቀው፤ ማን በማን ላይ ምን አደረገ የሚለው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ ሌላ ድፍረትም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ያለ ምንም ዋጋ የተለጠፈ ፊደል ያለ ምንም ዋጋ ይላቀቃል።

ወደ ፕሮግራመሩ ልመለስ፤ ያለ ሥራ ባለቤት የመሆንን ነገር ብቻ ካየን ግማሹን ነው ያየነው። ተቃራኒውም አለ። ሥራ ኖሮ ባለቤት የሚጠፋበት አነጋገር። ባንክ ሄደን፣ መሥሪያ ቤት ሄደን ስንት ጊዜ ሰምተነዋል፦ «ሲስተም የለም።» ይህን ዐረፍተ ነገር እስቲ መርምሩት። «አሸነፍን» ምንም ያልሠራ ባለቤት አለው፤ «ሲስተም የለም» ደግሞ የሠራ ሰው እያለ ባለቤት የለውም። ዝናብ የለም እንደማለት ነው። ሲስተም ከሰማይ አይወርድም፤ ሰው የጻፈው፣ ሰው ያዘዘው፣ ሰው «ነገ ይፈተሻል» ብሎ ያሳለፈው ነገር ነው።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሆነውን ከእኛ መካከል የማያስታውስ የለም። በአንድ ዓርብ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሰው ከሒሳቡ በላይ ገንዘብ እንዲያወጣና እንዲልክ ፈቀደ። እስኪነጋ ድረስ በየግቢው ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ነበር። ባንኩ ከውጭ የመጣ ጥቃት አይደለም፣ በሲስተም ማሻሻያ ጊዜ የተፈጠረ ስሕተት ነው አለ፤ የወጣውም ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ገለጸ። ከወሳጆቹ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ባንኩ በአደባባይ አወጣ።

እኔን የገረመኝ ገንዘቡ ሳይሆን ግሡ ነው። ስለዚያ ሌሊት ከተማሪ ጋር ስትጫወቱ «ወሰድኩ» የሚል ብዙ አታገኙም። «ማሽኑ ሰጠኝ» ነው የሚባለው። ባንኩ በኩል ደግሞ «ሲስተሙ ተሳሳተ» ነው። ማሽኑ ሰጪ፣ ማሽኑ ተሳሳች፤ ሰው ከሁለቱም ወገን ወጥቷል! አንዲት መስመር ያን ሌሊት ያን ሁሉ ሰው ከእንቅልፉ አስነሣች፤ የመስመሯ ባለቤት ግን ሰዋስው ውስጥ የለም። ስሙ ተለይቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ማለቴ አይደለም፤ የሮቤው ልጅ እንዳስረዳኝ እንዲህ ያለ ነገር የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ አያውቅም፤ ጻፊ አለ፣ ፈታሽ አለ፣ ቀን ቆርጦ ያጣደፈ አለ። ጥፋቱም «ን» ያስፈልገዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ግን ለለጣፊነት የሚሽቀዳደም አይገኝም።

ስፖርቱም ያው ነው። በሰኔ 2005 ዓ.ም. ልጅ ብሆንም አስታውሳለሁ። ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረታ፤ የዓለም ዋንጫ በር ላይ የደረስን መሰለን፤ አገሩ በሙሉ «አሸነፍን» አለ። በዚያው ቀን ፊፋ ጉዳዩን እንደሚመረምር ተሰማ፦ ቀደም ሲል ቦትስዋና ላይ በተደረገው ጨዋታ ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት፣ ማረፍ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ ነበር። ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አመነ፤ ሦስት ነጥብ ተቀማን። ሁለት ካርድ መቁጠር ነበር ሥራው። አንድ ሲደመር አንድ። የሮቤው ልጅ «ይህን የሚቆጥር ፕሮግራም ከምሳ በፊት እጽፈዋለሁ» ይላል፤ እውነቱን ነው። ለእኔ ግን ትዝ የሚለኝ የጎልማሶቹ አነጋገር ነው። ጧት «አሸነፍን» ያለው አፍ ማታ «አልቆጠሩም» አለ። «ን» በአንድ ቀን ውስጥ ተላቃ «ኡ» ገባች። እኛ ካሸነፍን፣ ካርዱን ያልቆጠረውም እኛ ነን እኮ!

(ይህ ቡድን በኋላ ከምድቡ አንደኛ ሆኖ አልፎ በናይጄሪያ ወደቀ። ያን ጊዜ «ተሸነፍን» ያሉትን አከብራለሁ።)

ስለዚህ መለኪያዬን ቀየርኩ። የድምፁ መድረስ አይደለም፤ ዘፈን አውጪውም «አጨድን» ማለት የሚገባው እህሉ በዝናብ ሲበላሽም «ተበላሸብን» ስለሚል ይመስለኛል። ምስጋናና ወቀሳ አንድ ትእዛዝ ናቸው ያልነውን አስታውሱ። የሮቤው አርሴናል ደጋፊ ለንደንን አይቶ አያውቅም፤ ድምፁም አይደርስም። ነገር ግን ሲሸነፉ «ተሸነፍን» ብሎ፣ ራቱን ሳይበላ፣ በብርዱ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሰኞ ጓደኞቹ ሲያሾፉበት «እነሱ ናቸው እንጂ እኔ ምን አገባኝ» አይልም። ለቅሶ እንደ መድረስ ነው። ለቀስተኛ አልሞተም፤ ሟቹንም አላስነሣም፤ ድንኳኑ ውስጥ መቀመጡ ግን ውሸት አይደለም። ሠርግ ላይ ብቻ የሚመጣውን ዘመድ ነው ሕዝባችን በስም የሚያውቀው።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሳነብለት «ታዲያ አድዋስ?» አለኝ። «አድዋ ላይ አሸነፍን እንላለን። በ1888 ዓ.ም. አንተ ነበርክ?» አልነበርኩም። በእኛ አገር ደግሞ «እኛ» ውስጥ ማን ይገባል የሚለው ራሱ ያጣላል፤ በአርሲ ምድር ስለዚያ ዘመን የሚነገረው ታሪክ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ላልፈው አልፈልግም፣ ልፈታውም አልችልም። የማውቀው ግን «አድዋ ላይ አሸነፍን» ብሎ ንግግር የሚጀምር ሰው ብዙ መስማቴንና፣ «በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ተሸነፍን» ብሎ የሚጀምር ሰው አለመስማቴን ነው። ማይጨውን ስናነሣ ግሡ ይለወጣል፦ «ጦሩ ተፈታ»፣ «መርዝ ተረጨ»፣ «ንጉሡ ሄዱ»። ሁሉም ያለ «ን»።

የውርርድ ቤቶቹ ነገር ለብቻው ጽሑፍ ይሆናል፤ ግን አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም የእኔን መለኪያ ሊንዱት የሚችሉት እነሱ ናቸው። ትኬት የቆረጠ ሰው ዋጋ ከፍሏል። ብሩን አስይዟል፤ ቢሸነፍ ይጎዳል። ታዲያ ከማናችንም በላይ «ን» የሚገባው እሱ አይደለም? ሄጄ አዳመጥኩ። እዚያ ቤት «ን» የለችም። «በላሁ»፣ «ተበላሁ»፣ «ትኬቴን አበላሸብኝ» ነው። የአርሴናል ልጅ በአርሴናል ላይ ቆርጦ ጎል እንዲገባበት ሲማልድ አየሁ። ለካ ዋጋ መክፈል ብቻውን አይበቃም፤ ከማን ጋር ነው የምትከፍለው የሚለው አለ። ያንን ማሽን የሚያዘው ፕሮግራምም የሰው እጅ ሥራ ነው። የሮቤው ልጅ እንዲህ ያለ ሥራ ቢመጣለት ይሠራ እንደሆነ ስጠይቀው ዝም አለና «ደመወዙን ሳላይ አልመልስልህም» አለኝ። ቢያንስ አልዋሸኝም።

እሱ ራሱ በመለኪያዬ አልረካም። «‹ተሸነፍን› ማለትም እኮ ርካሽ ነው» ይላል። «እኔ አርሴናል ሲሸነፍ አንድ ሌሊት እከፋለሁ፤ ሰኞ ሥራ እገባለሁ። ምን ከፈልኩ?» ይህን እስከ አሁን አልመለስኩለትም። የማቀርብለት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ የተደረገው 10,000 ሜትር። ኃይሌ በጉዳት ደክሞ ነበር የመጣው። ቀነኒሳና ስለሺ ስሕን ከፊት ነበሩ፣ መሄድ ይችሉ ነበር። ነገር ግን እየደጋገሙ ወደ ኋላ ዞረው ያዩ ነበር፤ ኃይሌ ይደርስ እንደሆነ። ሯጭ ወደ ኋላ ሲዞር ፍጥነት ያጣል፤ ይህን በበቆጂ የሚሮጥ ሕፃን ያውቀዋል። ኃይሌ አልደረሰም። በመጨረሻ ሄዱ፤ ቀነኒሳ በ27:05.10 ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ወሰዱ፤ ኃይሌ አምስተኛ ገባ።

ምስሉን ስልኩ ላይ አሳየሁት። ሁለት ጊዜ አየው። ከዚያ እንደ ሥራው ልማድ ጠየቀኝ፦ በዚያ 27:05.10 ውስጥ ወደ ኋላ በማየት የጠፉት ጥቂት ሰከንዶች አሉ፤ መዝገቡ ተከፍቶ «ብሌም» ቢባል፣ እነዚያ ሰከንዶች በማን ስም ይወጣሉ?